ሰማንያ ሳይታሰር አብሮ መኖር፣ መለያየትና የጡረታ አበል፦ ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

ጥያቄውን ያነሣው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ መልሶቹም ከሥሩ ተራ በተራ ተጽፈው አንድ የውይይት ክር ሆነዋል። የሚመጡለት ባለጉዳዮች ታሪክ እየተለያየ ጉዳያቸው ግን አንድ ዓይነት እንደሆነበት ጽፎ፣ ለምሳሌ ያህል አንዱን ዘረዘረ። ወንዱ 28 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን 60 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ሴትዮዋ እህል ትነግዳለች። ሰማንያ ሳያስሩ 9 ዓመት በአንድ ጎጆ ኖረዋል፤ የ7 ዓመት ልጅ አላቸው፤ አሁን ተለያይተዋል። ፍኖተ ሰላም ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጡረታው ሲወጣ ግማሹን ለእሷ ይስጥ ብለው በወረቀት አስፍረዋል፤ እሱም ፈርሟል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ጡረታ ቢሮው ይህን ወረቀት ይፈጽማል ወይ? ካልፈጸመስ ለሴትዮዋ ምን ብሎ ይጻፍላት?

1ኛው መልስ የመጣው የጡረታ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ከሚያውቅ ሰው ነው። በትሕትና ጀምሮ አይፈጽምም ሲል ቁርጡን ተናገረ። ምክንያቱንም አስረዳ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል። በሁለቱም አበል የሚያገኘው ባለመብቱ ራሱ ነው፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ተተኪዎቹ ማለትም ሚስት ወይም ባል፣ ልጆች፣ በእሱ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። በሕይወት እያሉ ለተለያዩ ሰዎች አበሉ የሚከፈልበት መንገድ በአዋጁ ውስጥ የለም። በሕግ የተጋቡ ቢሆኑ እንኳ ፍቺው ከጸና በኋላ የቀድሞዋ ሚስት ተተኪ አይደለችም። የጡረታ መብት በውል ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ንብረትም አይደለም፤ ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ወረቀት ይዞ ወደ ጡረታ ቢሮ መሄድ ድካም ብቻ ነው አለ።

2ኛው መልስ ይህ ፍትሕ አይደለም ባይ ነው፤ የራሱን ስሌትም ይዞ ቀረበ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። በ9 ዓመቱ ውስጥ ደመወዙ በአማካይ 6,000 ብር ነበር ቢባል፣ በወር 420 ብር፣ በ108 ወር 45,360 ብር ከቤቱ ገቢ ወጥቷል ማለት ነው። ያ ገንዘብ ለጡረታ ባይሄድ ኖሮ ወይ ጤፍ ይገዛበት ወይ ቆርቆሮ ይመታበት ነበርና ግማሹ 22,680 ብር ይታሰብላት ሲል ሞገተ።

ስሌቱ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ላይ ነው። 3ኛው መልስ ይህንኑ ነጥብ ይዞ ጠንከር ባለ ቃል ተመለሰበት። መዋጮው በሠራተኛው ስም የተከፈተ የቁጠባ ደብተር ውስጥ አይደለም ያለው፤ የሁሉም ሠራተኛ መዋጮ በገባበት ፈንድ ውስጥ ነው። አበሉም የሚሰላው ካዋጣው ገንዘብ ብዛት ሳይሆን ከአገልግሎት ዘመኑና ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የ28 ዓመቱ ሰው 30 ሲደመር 22.5፣ ማለትም 52.5 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር ከሆነ አበሉ 4,725 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የ9 ዓመቱ ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ የሚለይ ሒሳብ ጡረታ ቢሮው ዘንድ የለም። ባለጉዳይን በማይገኝ ገንዘብ ተስፋ ማስያዝ እርዳታ እንዳልሆነም ለ2ኛው መላሽ አክሎ ነገረው። ቃሉ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

በእኔ አስተያየት ክሩን ከዚህ ጭቅጭቅ ያወጣው 4ኛው መልስ ነው። ጠያቂውን ቆም ብለህ አስብ አለው፦ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ያልተጋቡ ናቸው ወይስ ያልተመዘገቡ? በጎጃም ገጠር ብዙ ሰው አልተጋባንም የሚለው ወሳኝ ኩነት ሄዶ ስላልተመዘገበ ብቻ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በባህል ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥሎሽ ተሰጥቶ፣ ሰማንያ ታስሮ የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ በቁርባን የተፈጸመውም እንዲሁ። የምዝገባ ወረቀት አለመኖሩ ማስረጃውን ያከብደዋል እንጂ ጋብቻውን አያፈርሰውም። ስለዚህ ማመልከቻ ጸሐፊ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቤተሰብ ለቤተሰብ ተጠያይቆ ነበር ወይ? ድግስ ነበር ወይ? የሰማንያ ወረቀት ተጽፎ ማን ዘንድ ተቀመጠ? የሚለውን ነው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባልና ሚስቱ ጋር ሳይሆን ከነገር አባቶቹ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ነው።

ለዚህ ሁሉ መጨነቁ ለምን እንደሆነም አብራራ። በማመልከቻው ላይ ሳይጋቡ አብረው ኖረዋል ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ ባልና ሚስት ነበሩ ብሎ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ተከራካሪው የመጀመሪያውን ቃል ያወጣባታል። ጋብቻ ከሆነ መለያየቱም በሽማግሌ ወረቀት አያበቃም፤ ፍቺ የሚባለው ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ፍቺ ሳይወሰን ሰውየው ቢሞት ደግሞ ሴትዮዋ የሟች ሚስት ሆና የተተኪነት ጥያቄ ታነሣለች። ስለዚህ አንዲት ቃል ስትለወጥ ጉዳዩ ሁሉ ሌላ ይሆናል።

5ኛው መልስ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ጨመረበት። ለዓመታት ተለያይተው፣ አንዱ ወይም ሁለቱ ሌላ ትዳር መሥርተው ከሆነ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ያለባቸው ጉዳዮች አሉ፤ የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ሰማንያው አልተቀደደም ብላ 15 ዓመት ቆይታ የምትመጣ ሴት ይህን ክርክር እንደሚገጥማት አስቀድማ ትወቅ አለ።

6ኛው መልስ ንብረቱን አነሣ። ያለ ጋብቻ አብሮ መኖር ከጡረታው ባያካፍልም ከንብረቱ ያካፍላል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተፈራው ሀብት እንደ ባልና ሚስት የጋራ ሀብት ይቆጠራል። በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስኪያስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የሰውየው ደመወዝ ራሱ የድካም ፍሬ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ከደመወዙ የተገዛው ላም፣ የተሠራው ቤት፣ ባንክ የተቀመጠው ብር በዚሁ ውስጥ ይገባል።

7ኛው መላሽ ወዲያው አረመው። የጠቀስከው አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ጎጃም ያለ ችሎት የሚፈርደው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው አለው። ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ 213/1992ን ከጠቀሰ ዳኛው ጉዳዩን ባይዘጋውም ተከራካሪው ዋናው ክርክር ሳይሰማ በሚያቀርበው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ጉዳዩን ያጓትትበታል። የክልሉን አዋጅ አውጥታችሁ አንቀጹን ከዚያ ጻፉ ሲል አሳሰበ። 6ኛው መላሽም ተመልሶ መጥቶ እርማቱን ተቀበለ፤ አመስግኖም ሄደ። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይላል።

8ኛው መልስ ስለ ማስረጃ ነው፤ ለጽሑፍ ሥራ እጅግ የሚጠቅመውም እሱ ነው። አብሮ መኖር የሚባለው አልፎ አልፎ መገናኘት አይደለም፤ አካባቢው ሁሉ ያወቀው ግንኙነት እንኳ ብቻውን አይበቃም። ኑሯቸው የባልና ሚስት ኑሮ ይመስል ነበር የሚለው መረጋገጥ አለበት። ለዚህ የቃል ምስክር ብቻ ይዞ መቅረብ አደጋ አለው፤ ምስክሮች ዘመኑን ይረሱታልና። ከቃል በፊት ወረቀት ይሰብሰብ ብሎ ዘረዘረ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ላይ የቤተሰብ አባላት ስምና ፎቶ አለ፤ የታደሰበት ዓመትም በየገጹ ይታያል። የእድር መዝገብ ላይ አባወራና እማወራ ተብለው ተጽፈው ይሆናል። የብድርና ቁጠባ ውል ላይ የትዳር ጓደኛ ተብላ ፈርማ ይሆናል። የልጁ የክርስትና ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ትምህርት ቤት የገባበት ፎርም፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ሁሉም ቀን አላቸው። የሚፈለገውም ቀኑ ነው፤ መቼ ተጀመረ፣ መቼ አበቃ። ማለቂያውን ለማስረዳት ከቀበሌ መሸኛ የሚሻል ወረቀት የለም፤ አንደኛው ወገን ቀበሌ ሲለቅ መሸኛው ላይ ቀኑና ምክንያቱ ይሰፍራል።

9ኛው መልስ ከዚህ ተነሥቶ ጡረታ ከሚባለው ውጭ ያለ ነገር ጠቆመ። ሰውየው የግል ድርጅት ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ ፕሮቪደንት ፈንድ ሊኖረው ይችላል። ያ ከጡረታ የተለየ ነው፤ በሠራተኛው ስም የተያዘ ሒሳብ አለው። ኑሮው ሲጀመር 40,000 ብር ከነበረ፣ ሲለያዩ 130,000 ብር ከደረሰ፣ ልዩነቱ 90,000 ብር በአብሮነት ዘመን የተፈራ ነውና ግማሹን 45,000 ብር ለመጠየቅ ጠንካራ መሠረት አለ። የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ያወጣዋል፤ ከወጣ በኋላ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ክሱ ሲቀርብ የእግድ ማመልከቻ አብሮ ይግባ፤ አሠሪው የሁለቱን ቀን ሒሳብ በደብዳቤ እንዲገልጽም በፍርድ ቤት ይታዘዝ። የ2ኛው መላሽ ፍርድ ወዳድነት በዚህ በኩል ቢሄድ ፍሬ ያፈራ ነበር ብሎ ጨመረ።

10ኛው መልስ ክሩን አበላሸው። ሴትዮዋ ዝም ብላ ትጠብቅ፣ ሰውየው ሲሞት 3 ምስክር ይዛ የሚስትነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ታውጣና አበሉን ትውሰድ የሚል ነበር።

11ኛው መላሽ በቁጣ ተነሣ። የሚስትነት ማረጋገጫ ተከራካሪ ሳይኖር የሚሰጥ ስለሆነ የማይነካ ይመስላቸዋል፤ ልጆቹ ወይም ሌላ ሚስት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 መቃወሚያ አቅርበው ያስነሡታል። ማረጋገጫው ሲሻር የተከፈለው አበል ተመላሽ ይጠየቃል፤ በሐሰት የመሰከሩት ጎረቤቶች ደግሞ በወንጀል ይከሰሳሉ። ለአንድ አበል ብሎ መንደር ሙሉ ሰው ወኅኒ ደጃፍ ማቆም ነውር ነው ብሎ ደመደመ። 12ኛው መላሽ ቃሉን ለዘብ አድርጎ ሌላ ነጥብ አከለበት፦ መሸኛው እና የሽማግሌዎቹ ወረቀት ራሳቸው መለያየታቸውን ይመሰክራሉ፤ ስለዚህ እውነቱን ትቶ የሚሄድ ሰው በገዛ ወረቀቱ ይያዛል። 10ኛው መላሽ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

13ኛው መልስ ወደ ልጁ መጣ። ልጅ ከጋብቻ ተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ ተወለደ ልዩነት የለውም። አባት ሲሞት ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ የአባቱን አበል 20 በመቶ ያገኛል። 4,725 ብር የነበረው አበል ለልጁ 945 ብር ይሆናል። ሚስት ካለች 50 በመቶ፣ ማለትም 2,362 ብር ከ50 ሳንቲም ታገኛለች። በእሱ ድጋፍ ትኖር የነበረች እናት 15 በመቶ፣ 708 ብር ከ75 ሳንቲም ይደርሳታል። ሚስት፣ ሁለት ልጆችና እናት አንድ ላይ ሲመጡ 105 በመቶ ስለሚሆን ድምሩ ከ100 በመቶ እንዳያልፍ የሁሉም ድርሻ በዚያው ልክ ይቀነሳል። ሰውየው ሌላ አግብቶ ቢሞት አዲሲቱ ሚስት የልጁን ድርሻ መከልከል አትችልም፤ የልጁ አበል የራሱ ነው፤ እናቱ ወይም ሞግዚቱ ትቀበልለታለች።

አባት በሕይወት እያለም ልጁ ቀለብ አለው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ቢሆን ቀለብ የሚቆረጥበት መንገድ አለ፤ አበል ለተራ ዕዳ አይያዝም፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለቀለብ ግን ይያዛል። ከጡረታው የሚደርስ ነገር የለም ወይ ለሚል መልሱ ይኸው ነው፤ የሚደርሰው ግን ለልጁ ነው።

14ኛው መልስ አጭር ቢሆንም የጽሕፈት ቤቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጽሑፍ ነው። ልጁ ድርሻውን የሚያጣው በሕግ ሳይሆን በስም ነው አለ። አባትየው ሥራ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ልጁ የለም፤ ከዚያ በኋላም አላስጨመረውም። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የልጁ የዓለም ስም፣ የክርስትና ወረቀቱ ላይ ደግሞ የክርስትና ስም ብቻ ይገኛል። የአባት ስም አንዱ ላይ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው ላይ በሐመሩ ሐ ተጽፎ ለአንድ ፊደል ብሎ ባለጉዳዩ ከቀበሌ ቀበሌ ይመላለሳል። የአያት ስም ከጎደለማ የባሰ ነው። አባትየው በሕይወት እያለ የግል ማኅደሩ ላይ ልጁን ያስጨምር፤ ወረቀቶቹም በአንድ ስም ይስተካከሉ። ይህ ሥራ ዛሬ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሞት በኋላ ግን የአንድ ዓመት ክርክር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 15ኛው መላሽ ሽማግሌዎቹ በወረቀታቸው ላይ በደመወዝ ገብታ ነበር የሚል ቃል ጽፈው እንደሆነ ጠየቀ፤ ይህ የድሮ ልማድ ቃል አደገኛ ነው ብሎ ፈራ። 16ኛው መላሽ ስለ ደመወዝ ጋብቻ ረጅም ማብራሪያ ጻፈ፤ ሴቲቱ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በተቆረጠ ክፍያ ቤት ይዛ የምትኖርበት፣ ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነጋዴና ወታደር ያዘወትረው የነበረ ውል መሆኑን አወሳ። 17ኛው ያ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል ሲል፣ 18ኛው ቃሉ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም አለ። ክርክሩ ጥቂት ቢያረዝመውም 15ኛው ያነሣው ስጋት ተገቢ ነው። በደመወዝ የሚለው ቃል ሴትዮዋን ተቀጣሪ ያስመስላታል፤ ተከራካሪው ጠበቃ እኩል ኑሮ አልነበረም ለማለት ይጠቀምበታል። ከወረቀቱ ቢወጣ ይሻላል።

19ኛው መላሽ ገበሬው ጡረታ የለውም፣ የእሱ ጡረታ መሬቱ ነው ብሎ ስለ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አነሣ። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ ካለ ሴቲቱ ትልቅ ማስረጃ ይዛለች፤ የእሱ ስም ብቻ ከሆነ ግን መሬቱ ከወላጅ የመጣ ነው ወይስ አብረው ሳሉ የተገኘ የሚለው ይጣራል። ጥሩ ነጥብ ነበር፤ ሆኖም 20ኛው መላሽ ይህ የራሱ ክር ያስፈልገዋል ብሎ በትሕትና ወደ ጉዳዩ መለሰን።

20ኛው መላሽ የሽማግሌዎቹን ወረቀት እንዴት እንደሚያስተካክል በዝርዝር ጻፈ። ሽማግሌዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ የፈለጉት 9 ዓመት አብራ የደከመች ሴት ባዶ እጇን እንዳትወጣ ነው፤ የሳቱት በማይከፈለው ገንዘብ መክፈላቸው ነው። ከጡረታው ግማሽ የሚለው ተነሥቶ ባለው ንብረት ይተካ። ቤቱ ተገምቶ፣ የእህል ንግዱ መነሻና ዕዳው ተቆጥሮ፣ ከብቱ ተለይቶ እያንዳንዱ ምን እንደሚወስድ በስምና በመጠን ይጻፍ። ሰውየው ገንዘብ ይሰጣል ከተባለ ከየት እንደሚያመጣው ሳይሆን ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ የሚለው ይስፈር። የልጁ ቀለብ ለብቻው በሌላ ተራ ይጻፍ፤ ሽማግሌ የልጅን ቀለብ ምሬልሃለሁ ሊያስብል አይችልምና። ከዚያ ስምምነቱ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ያልጸደቀው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

21ኛው መላሽ በዚህ ላይ ትንሽ ተቃወመ። ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቢቀረው በእጁ ገንዘብ ስለሌለው በአንድ ጊዜ ክፈል ማለት ስምምነቱን ያፈርሰዋል፤ በየወሩ የተወሰነ ብር እንዲከፍል ይፍቀዱለት አለ። 20ኛው ተመልሶ ይቻላል አለ፤ ዋናው ግዴታው በሰውየው ላይ መጻፉ ነው፣ በጡረታው ላይ አይደለም። በየወሩ 1,000 ብር እከፍላለሁ ብሎ ቢፈርም፣ ከአበሉ ይክፈለው ከማር ሽያጩ የእሱ ጉዳይ ነው። ካልከፈለ ግን የሚያዝበት ሌላ ንብረት እንደ ዋስትና ይጠቀስ፤ ለዚህ ዓይነቱ ዕዳ አበሉ ስለማይያዝ ዋስትና የሌለው የወር ክፍያ ከ3 ወር አያልፍም።

22ኛው መልስ ስለ ሴትዮዋ የራሷ ጡረታ ጠየቀ። እህል ነጋዴ ብትሆንም ቀደም ሲል በግል ድርጅት ተቀጥራ ሠርታ ከሆነ፣ ተቆርጦባት የነበረው 7 በመቶ በስሟ ገቢ ሆኖ እንደሆነ በጡረታ መለያ ቁጥሯ ታጣራ፤ አሠሪ ቆርጦ ሳያስገባ የሚቀርበት ጊዜ አለና የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ትያዝ ሲል መከረ። ስለ እሷ ራሷ የተጻፈው መልስ ይኸው አንድ ብቻ መሆኑ አሳዝኖኛል።

በ23ኛው ላይ ጠያቂው ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ጠርቶ እንዳነጋገረ፣ ድግስም ጥሎሽም እንዳልነበረ፣ የሰማንያ ወረቀት እንዳልተጻፈ አረጋግጦ ጻፈ። ስለዚህ ማመልከቻው ያለ ጋብቻ አብሮ በመኖር የተፈራ ሀብት ክፍፍል ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ይቀርባል፤ ጡረታ የሚለው ቃል ከውስጡ ወጥቷል፤ የልጁ ቀለብ በሌላ ማመልከቻ ተለይቷል። የጤና መድህን ደብተሩ ከ6 ዓመት በፊት ጀምሮ የሁለቱንም ፎቶ ይዞ ተገኝቷል፤ የቀሩት 3 ዓመታት በልጁ ልደትና በኪራይ ውሉ ይሞላሉ። 14ኛው እንዳለው የልጁ ስም ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኝቷልና ወሳኝ ኩነት ይስተካከላል፤ አባትየውም ልጁን ማኅደሩ ላይ ለማስጨመር ተስማምቷል።

8ኛው መላሽ የመሸኛው ቀንና የሽማግሌዎቹ ወረቀት ቀን ይገጥማሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠያቂው አየው፤ በ4 ወር ይለያያሉ። በመሃሉ ሰውየው አንድ በሬ ሸጧልና የትኛው ቀን ማለቂያ እንደሚባል ሽማግሌዎቹ ሰኞ ገበያ ከተበተነ በኋላ ተቀምጠው ይወስናሉ።